ከሳንቲም በታች የሚሸጥ ቶክን ርካሽ ነውን? በአዲስ ቶክን ዋጋ ላይ ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ተራ ሰው የአንድን አዲስ የክሪፕቶ ቶክን (በኢንተርኔት የሚገዛና የሚሸጥ ዲጂታል ሀብት) ዋጋ ተገቢነት በምን ሊመዝን እንደሚችል አስረዳለሁ የሚል አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን በቴሌግራም ቡድኖች ሲዘዋወር ሰንብቷል። ብዙዎች አምነውበት ለወዳጆቻቸው ሲያስተላልፉት አይቻለሁ፤ በእሱ ተመርተው ገንዘባቸውን ለማውጣት የተዘጋጁም አሉ። በአማርኛ ስለ ክሪፕቶ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር «የትኛው ይወጣል» በሚለው ላይ ሲያተኩር፣ እኚህ ጸሐፊ «ዋጋው ተገቢ ነው ወይ» ብለው መነሣታቸው ሊመሰገን ይገባዋል። የሰጧቸው መልሶች ግን በእኔ እምነት በአብዛኛው የተሳሳቱ ናቸው፤ ስሕተቱም የሰው ጥሪት የሚያስበላ ስለሆነ በዝምታ ላልፈው አልወደድኩም።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው አሳቡን ሳላዛባ ላቅርብ። አንደኛ፣ ከአንድ የአሜሪካ ሳንቲም በታች የሚሸጥ ቶክን ርካሽ ነው፤ ቢትኮይንም የጀመረው ከሳንቲም በታች ነበርና። ሁለተኛ፣ የአዲሱን ቶክን ማርኬት ካፕ (የአንዱ ዋጋ በሚዘዋወሩት ቶክኖች ብዛት ሲባዛ የሚገኘውን ድምር) ከተመሳሳይ ነባር ፕሮጀክት ጋር በማወዳደር ስንት እጥፍ እንደሚያድግ ማስላት ይቻላል። ሦስተኛ፣ ታላላቅ የኢንቨስትመንት ድርጅቶች ገንዘብ ካስገቡበትና ስመ ጥር ኤክስቼንጆች (የክሪፕቶ መገበያያዎች) ሊስት ካደረጉት፣ ማለትም ለሽያጭ ካቀረቡት፣ ዋጋው በባለሙያ ዓይን ተጣርቷል። አራተኛ፣ የዋጋ መሠረቱ የተጠቃሚው ብዛት ነው፤ ሚሊዮኖች የተስማሙበት ዋጋም ሊወድቅ አይችልም። አምስተኛ፣ መጠኑ የተገደበ ወይም በየጊዜው የሚቃጠል (ከጥቅም ውጭ እየተደረገ መጠኑ የሚቀንስ) ቶክን የግድ ይወደዳል። ስድስተኛና መደምደሚያው፣ ገበያው ከማንም በላይ ያውቃልና በስክሪን ላይ የሚታየው ዋጋ ተገቢው ዋጋ ነው፤ ቀድሞ የገባም ያተርፋል።

አንባቢ ከወዲሁ ልብ እንዲለው የምፈልገው ነገር ቢኖር ስድስተኛው ነጥብ ከፊተኞቹ አምስት ጋር አብሮ ሊቆም አለመቻሉን ነው። የሚታየው ዋጋ ሁልጊዜ ተገቢ ከሆነ «ርካሽ» የሚባል ቶክን ሊኖር አይችልም፤ ርካሽ ቶክን ካለ ደግሞ ገበያው ተሳስቷል ማለት ነው። ጸሐፊው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ይኖርባቸዋል።

ከመጀመሪያው ልነሣ። ጠቅላላ ብዛቱ እስካልታወቀ ድረስ የአንድ ቶክን ነጠላ ዋጋ ስለ ርካሽነቱም ሆነ ስለ ውድነቱ የሚናገረው ነገር የለም። ይህ በክሪፕቶ ብቻ የታየ አይደለም። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. 100 ሚሊዮን አክሲዮኖችን እያንዳንዳቸውን በ300 ብር ለሽያጭ ሲያቀርብ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ 300 ብር የሚለው ቁጥር ብቻውን ለገዢው ምንም አልነገረውም። የቀረቡት አክሲዮኖች የድርጅቱ 10 በመቶ በመሆናቸው፣ ድርጅቱ በሙሉ 300 ቢሊዮን ብር ያወጣል ተብሎ መገመቱን ማወቅ የተቻለው ከማባዛት በኋላ ነው፤ መመርመር የነበረበትም ይህ 300 ቢሊዮን ከድርጅቱ ትርፍና ንብረት ጋር ይመጣጠናል ወይ የሚለው ነበር። ቦርዱ አክሲዮኑን መቶ እጥፍ አብዝቶ እያንዳንዱን በ3 ብር ቢያቀርበው ኖሮ ድርጅቱ በአንድ ብር እንኳ አይረክስም ነበር።

የቢትኮይን ምሳሌም ጸሐፊውን አይደግፋቸውም። በሜይ 2010 አንድ ሰው 10,000 ቢትኮይን ከፍሎ ሁለት ፒዛ ባስመጣበት ጊዜ ክፍያው 41 ዶላር ገደማ ያወጣ ስለነበር፣ የአንዱ ዋጋ በእርግጥም ከግማሽ ሳንቲም በታች ነበር። ነገር ግን ቢትኮይን ከ21 ሚሊዮን እንዳያልፍ የተገደበ ነው። በዚያ ዋጋ፣ ገና ያልወጡትን ጨምሮ፣ መላው ቢትኮይን 90,000 ዶላር እንኳ አይሞላም ነበር። በሴፕቴምበር 2024 ለገበያ የቀረበውንና በአገራችን ወጣቶች ስልክ ላይ ለወራት ሲነካ የከረመውን ሃምስተር ኮምባትን ከዚህ ጋር እናስተያየው። ዋጋው አንድ ሳንቲም ገደማ ነበር፤ ጠቅላላ ብዛቱ ግን 100 ቢሊዮን ስለሆነ ድምሩ አንድ ቢሊዮን ዶላር ይደርሳል። ሁለቱም «የሳንቲም ቶክን» ሲባሉ አንዱ በጥቂት አሥር ሺዎች፣ ሌላው በቢሊዮን ዶላር ተገምቷል። ሃምስተር «አንድ ዶላር ቢገባ» ብሎ ያሰበ ሰው፣ ሳያውቀው፣ የአንድ የስልክ ጨዋታ ቶክን 100 ቢሊዮን ዶላር እንዲያወጣ ነበር የሚጠብቀው። የሆነውም ቶክኑ በጥቂት ወራት ውስጥ የመጀመሪያ ዋጋውን ከግማሽ በላይ ማጣቱ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ከሁሉ ይልቅ አሳማኝ ስለሚመስል ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል። ተመሳሳይን ከተመሳሳይ ማወዳደር በመርሕ ደረጃ ትክክል መሆኑን እቀበላለሁ፤ ቤት የሚገምትም አክሲዮን የሚገምትም ይህንኑ ያደርጋል። ጸሐፊው ያቀረቡት ስሌት ግን የሚከተለው ነው፦ አዲሱ ቶክን 50 ሚሊዮን ዶላር ማርኬት ካፕ አለው፤ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው ነባሩ 2 ቢሊዮን አለው፤ ስለዚህ አዲሱ እስከ 40 እጥፍ ሊያድግ ይችላል። እዚህ ላይ የተዘለለው ጥያቄ ከጠቅላላው ቶክን ስንቱ ወደ ገበያ ወጥቷል የሚለው ነው። ማርኬት ካፕ የሚሰላው በአሁኑ ጊዜ በሰው እጅ በሚዘዋወሩት ቶክኖች ብቻ ነው። ከአዲሱ የወጣው 5 በመቶው ብቻ ቢሆን፣ መላው ቶክን በዛሬው ዋጋ አንድ ቢሊዮን ዶላር ይሆናል። ከነባሩ 90 በመቶው ወጥቶ ከሆነ ደግሞ ሙሉው 2.2 ቢሊዮን ነው። አርባ እጥፍ የተባለው ልዩነት ወደ ሁለት እጥፍ ወረደ ማለት ነው፤ ገና ተጠቃሚ ያላገኘን አዲስ ነገር፣ ዓመታት ከተፈተነው ግማሽ ያህል ዋጋ መስጠት ደግሞ ርካሽ ሊባል አይችልም።

ሃምሳ ሠንጋ ያለው ሰው አንዱን ብቻ በበዓል ዋዜማ ገበያ አውጥቶ በውድ ቢሸጥ፣ ያገኘው ዋጋ እውነተኛ ነው፤ የቀሩትን አርባ ዘጠኙን በዚያው ዋጋ አባዝቶ ሀብቱን ቢናገር ግን፣ ሁሉንም በአንድ ቀን ቢያወጣቸው ገበያው ምን እንደሚሆን ረስቷል። የአዲስ ቶክኖች ዋጋ በብዛት የሚወለደው እንዲህ ነው። ወርልድኮይን በጁላይ 2023 ሲጀመር ጠቅላላ መጠኑ 10 ቢሊዮን ሲሆን፣ በመጀመሪያ እንዲዘዋወር የታቀደው ቢበዛ 143 ሚሊዮን፣ ማለትም 1.4 በመቶ ገደማ ነበር። ከዚያም ላይ 100 ሚሊዮኑ ገበያውን እንዲያንቀሳቅሱ ለተመረጡ ነጋዴዎች በብድር የተሰጠ እንጂ በተጠቃሚ እጅ የገባ አልነበረም። ቶክኑ ወደ 2 ዶላር ሲሸጥ ማርኬት ካፑ ከ300 ሚሊዮን በታች ሆኖ ይታይ ነበር፤ በዚያው ዋጋ መላው ቶክን ግን 20 ቢሊዮን ዶላር ነው። የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው ስለ አንድ ትንሽ ፕሮጀክት ያሰበ ይመስለዋል።

አለማዳላት ስላለብኝ የሚከተለውን እጨምራለሁ። ወርልድኮይን በማርች 2024 ከ11 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር። ስለዚህ በ2 ዶላር ገዝቶ በዚያ ወር የሸጠ ሰው ብዙ አትርፏል፤ የጸሐፊው ደጋፊዎችም ይህን ቢጠቅሱ እውነት አላቸው። በዚያው ዓመት ነሐሴ አካባቢ ግን ዋጋው ወደ መነሻው ተመልሶ ከ2 ዶላር በታች ነበር፤ በ2025 ደግሞ ከአንድ ዶላርም ወርዷል። የወጣው ትንሽ ሲሆን ጥቂት ገዢ ዋጋውን ወደ ላይ ይወረውረዋል፤ የተቆለፈው (እስከ አንድ ቀን ድረስ እንዳይሸጥ የታገደው) ሲለቀቅም በዚያው ቅለት ይወርዳል። ይህ መዋዠቅ ቶክኑ በተገቢው ዋጋ መሸጡን አያሳይም።

የተቆለፈ ቶክን ሲለቀቅ ምን እንደሚሆን ግልጽ ሆኖ የታየው በአርቢትረም ነው። ይህ ኢቴሬም በተባለው ሌላ የክሪፕቶ መረብ የሚካሄደውን ግብይት የሚያፋጥን፣ በእርግጥም ብዙ ሰው የሚጠቀምበት መረብ ነው። በማርች 2023 ቶክኑን ሲያድል ከ10 ቢሊዮኑ ለተጠቃሚዎችና ለአጋር ማኅበራት የወጣው 12.75 በመቶ ነበር። በማርች 16 ቀን 2024 ለሠራተኞችና ለቀደምት ባለሀብቶች ተቆልፎ የነበረ 1.11 ቢሊዮን ቶክን በአንድ ቀን ተለቀቀ፤ ይህም እስከዚያ ሲዘዋወር ከነበረው ከሦስት አራተኛ በላይ ነው። በዚያው ወር መጀመሪያ 2 ዶላር አካባቢ የነበረው ዋጋ በጁን ከአንድ ዶላር በታች ሆነ፤ ቢትኮይን በዚያው ጊዜ ብዙም አልወረደም። ቀኑ ከአንድ ዓመት በፊት ታትሞ የወጣ ስለነበር ምስጢር አልነበረም። በማርኬት ካፕ ብቻ ያሰላው ገዢ ግን አልቆጠረውም።

በተቃራኒው በኩል የሚነሣ አንድ ተገቢ መከራከሪያ አለ። ከአሥር ዓመት በኋላ የሚለቀቅ ቶክንና ነገ የሚለቀቅ እኩል አይደሉም፤ ምናልባትም ፈጽሞ የማይሸጥ የፋውንዴሽን ድርሻ አለ፤ ስለዚህ ሁሉን አንድ ላይ ማባዛት ዋጋውን ከልክ በላይ አጋኖ ያሳያል። ይህ ትክክል ነው። እኔ የምመርጠው መንገድ በመካከል ነው፦ በሚቀጥሉት 12 እና 24 ወራት ስንት ቶክን እንደሚጨመር ከራሱ ከፕሮጀክቱ የመልቀቂያ ሠንጠረዥ መቁጠር። ዛሬ 100 ሚሊዮን ቶክን በ1 ዶላር የሚዘዋወር ከሆነና በዓመቱ 250 ሚሊዮን የሚደርስ ከሆነ፣ ዋጋው እንዲወጣ ሳይሆን ባለበት እንዲቆም ብቻ ቶክኑን መያዝ የሚፈልጉ ሰዎች ዋጋ የሚሰጡት ድምር ከ100 ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር ማደግ አለበት። ይህን ዕድገት የሚያመጣው ምን እንደሆነ መናገር ያልቻለ ሰው ቶክኑ በተገቢው ዋጋ ላይ ነው ሊል አይገባውም። ደግሞስ ነባሩ ተነጻጻሪ ራሱ ከልክ በላይ ተወድዶ እንደሆነስ? የተጋነነን ዋጋ በመለኪያነት የያዘ ሰው ሁለተኛውንም አጋኖ ነው የሚለካው።

ሦስተኛውን ነጥብ በአጭሩ ላልፈው እችላለሁ፤ አንድ ምሳሌ ይበቃዋልና። ኢንተርኔት ኮምፒውተር የተባለው ፕሮጀክት አንድሪሰን ሆሮዊትዝንና ፖሊቼይን ካፒታልን የመሰሉ ባለሀብቶች የደገፉት ሲሆን፣ በሜይ 10 ቀን 2021 ቶክኑ ኮይንቤዝንና ባይናንስን ጨምሮ በታላላቆቹ ኤክስቼንጆች በአንድ ቀን ለሽያጭ ቀረበ። በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር የተከፈተው ዋጋ በጁን መጨረሻ ከ50 ዶላር በታች ነበር፤ በ2023ም ለወራት ከ5 ዶላር በታች ቆይቷል። የጸሐፊው ሁለት ማረጋገጫዎች በሙሉ ነበሩ፤ የመጀመሪያው ቀን ገዢ ግን ከገንዘቡ አብዛኛውን አጣ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ቀደምቶቹ ባለሀብቶች የገዙት በዚያ ቀን ዋጋ አልነበረም። አንድ ድርጅት በ5 ሳንቲም የገዛውን እኛ በ1 ዶላር ስንገዛ፣ የእሱ ስም የሚመሰክረው ለ5 ሳንቲሙ እንጂ ለዶላሩ አይደለም፤ በዚያን ጊዜ እሱ የእኛ አማካሪ ሳይሆን ሻጫችን ሊሆን ይችላል። ኤክስቼንጅም ገቢው የሚመጣው ከግብይት ብዛት ነው፤ ሊስት ማድረግ ማለት መገበያያ መክፈት እንጂ ለዋጋው ዋስ መሆን አይደለም። ኤፍቲኤክስ በተባለው፣ ኋላ በከሰረው ኤክስቼንጅ ላይ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያፈሰሰው ሲኮያ ካፒታል በኖቬምበር 2022 ገንዘቡን በሙሉ እንደጠፋ ቆጥሮ መመዝገቡ፣ ታላቅ ስም ያለውም ሊሳሳት እንደሚችል ለማስታወስ ይበቃል። በእርግጥ ታዋቂ ባለሀብት መኖሩ ዋጋ ቢስ መረጃ ነው አልልም፤ መሥራቾቹ በገሃድ የሚታወቁ ሰዎች መሆናቸውንና ፕሮጀክቱ ፈጽሞ ባዶ አለመሆኑን ሊጠቁም ይችላል። ስለ ዋጋው ግን ዝም ይላል።

ስለ ተጠቃሚ ብዛት የተባለው ከፊል እውነት አለበት፤ ማንም የማይጠቀምበት መረብ በጊዜ ብዛት ዋጋ ሊኖረው አይችልም። ነገር ግን ሁለት ጥያቄዎች ተዘለዋል። የመጀመሪያው፣ ሰዎቹ የመጡት ለአገልግሎቱ ነው ወይስ ለቶክኑ? ሃምስተር ኮምባት 300 ሚሊዮን ተጫዋች እንዳፈራ ይናገር ነበር። እነዚህ ሰዎች የተሰበሰቡት ኤርድሮፕን (ነፃ የቶክን እደላን) ተስፋ አድርገው ነው፤ ቶክኑ በእጃቸው በገባ ቀን ከገዢነት ይልቅ ወደ ሻጭነት ማዘንበላቸው የሚያስገርም አይደለም። ተጠቃሚው የበዛ መሆኑ በዚህ ጊዜ የሻጩ መብዛት ነው። ተመሳሳይ የስልክ ጨዋታ ቶክን የሆነው ኖትኮይን በሜይ 2024 ከወጣ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ብዙ እጥፍ መጨመሩን አልክድም፤ ያ ጭማሪ ግን አልዘለቀም።

ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጥ የሚከብድ ነው፦ አገልግሎቱ ቢበለጽግ የቶክኑ ባለቤት ምን ያገኛል? ሰዎች ቶክን ከቶክን የሚለዋወጡበት ዩኒስዋፕ የተባለው መገበያያ በዚህ ረገድ ትልቅ ትምህርት ነው። በ2022 አጋማሽ ላይ በአጠቃላይ ከአንድ ትሪሊዮን ዶላር በላይ ግብይት አስተናግዶ ነበር፤ ከዚህ የሚበልጥ የተጠቃሚነት ማስረጃ አይገኝም። የግብይቱ ኮሚሽን ግን የሚሄደው ገንዘባቸውን ለመለዋወጫ በሚውለው የጋራ ገንዳ ላስቀመጡት ሰዎች ነበር፤ በሴፕቴምበር 2020 የወጣውን የዩኒ ቶክን የያዙት ለዓመታት የነበራቸው ድምፅ የመስጠት መብት ብቻ ነው። አክሲዮን የገዛ ሰው ሕጉ ከትርፍ ድርሻ ይሰጠዋል። ቶክን የገዛ ግን ያለው መብት በኮዱና በፕሮጀክቱ ውሳኔ የተጻፈው ብቻ ስለሆነ አንብቦ ማወቅ ይኖርበታል። ባይናንስ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከትርፉ 20 በመቶውን ለራሱ ቶክን ለቢኤንቢ መልሶ መግዣ አውላለሁ ማለቱ፣ ወደድነውም ጠላነው፣ ሊሰላ የሚችል ነገር ነበር።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ያልጠቀሱትን አንድ ስሌት ላስገባ፤ ማንም በስልኩ ማስያ ሊሠራው ይችላል። «ቶክኑ ስንት ያወጣል» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «ይህ ዋጋ ትክክል እንዲሆን ምን እውነት መሆን አለበት» ብሎ መጠየቅ ነው። መላው ቶክን በአንድ ቢሊዮን ዶላር ተገምቶ፣ አገልግሎቱ በዓመት 5 ሚሊዮን ዶላር ኮሚሽን ቢሰበስብና ይህም ሳይቀነስ ለባለ ቶክኖች ቢደርስ፣ ገዢው የከፈለውን ለመመለስ 200 ዓመት ያስፈልገዋል። በ20 ዓመት እንዲመለስ ገቢው አሥር እጥፍ ማደግ አለበት። እንዲህ ዓይነት ዕድገት ሊሆን የሚችል ነገር ነው፤ የሆነላቸውም አሉ። ነገር ግን ገዢው አሥር እጥፉን ዕድገት አስቀድሞ ከፍሎበታል። ዕድገቱ ቢመጣ ከኪሳራ ተረፈ እንጂ በርካሽ ገዛ አይባልም።

ሚሊዮኖች የተስማሙበት ዋጋ አይወድቅም ስለተባለው ስልክ በመንካት ቶክን የሚሰበሰብበትን ፓይ ኔትወርክን ማንሣት ግድ ይላል፤ በአገራችንም ለዓመታት በየቀኑ ስልኩን እየነካ «ማይን» ያደረገ ብዙ ወጣት አለ። ከተከታዮቹ መካከል የአንድ ፓይ ዋጋ 314,159 ዶላር ነው ብለው የተስማሙና በዚህ ዋጋ እንገበያይ የሚሉ አሉ። የፓይ ጠቅላላ መጠን 100 ቢሊዮን ነው። ሁለቱ ሲባዙ ከ31,000 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ይሆናል፤ በ2024 የመላው ዓለም ዓመታዊ ምርት 110 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። የዓለም ሕዝብ ወደ 280 ዓመት የሚያመርተውን ሁሉ ቢሰበስብ ነው ይህን የሚሞላው። ስምምነት ምንም ያህል ሰፊ ቢሆን ይህን ሊያስችል አይችልም። ከዚህ ሌላ፣ መረቡ ገና ሳይከፈት፣ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ አንዳንድ ኤክስቼንጆች ፓይን ወደፊት እናስረክባለን በሚል ሰነድ መልክ በብዙ አሥር ዶላሮች ያገበያዩ ነበር፤ ብዙዎችም ያንን ቁጥር እያዩ ሀብታቸውን ቆጥረዋል። መረቡ በፌብሩዋሪ 20 ቀን 2025 ተከፍቶ እውነተኛው ፓይ ሲሸጥ ከፍተኛው ዋጋ በዚያው ወር 3 ዶላር ገደማ ነበር፤ በማርች መጨረሻ ከአንድ ዶላር በታች ወረደ። ያለ ምንም ክፍያ ፓይ የሰበሰበ ሰው ያገኘው ሁሉ ትርፍ ነው፤ የምናገረው በሰነዱ ዋጋ አምኖ በገንዘቡ ስለገዛው ነው።

ስለ ማቃጠል ደግሞ፦ ሌላው ሁሉ ሳይለወጥ የቶክን መጠን ቢቀንስ የቀረው ሊወደድ እንደሚችል ግልጽ ነው። ጥያቄው የተቃጠለው ቶክን ድሮስ ሊሸጥ ነበር ወይ የሚለው ነው። በሜይ 2021 የኢቴሬም መሥራች ቪታሊክ ቡተሪን በስጦታ ከተላከለት የሺባ ኢኑ ቶክን 410 ትሪሊዮን፣ ማለትም ከጠቅላላው 41 በመቶ ገደማ፣ አቃጠለ። ዋጋው ለጊዜው ዘለለ፤ ከዚያ ከመላው ገበያ ጋር ወርዶ ለወራት በዝቅታ ቆየ፤ በኦክቶበር ግን ይህን የሚያህል ማቃጠል ሳይኖር ብዙ እጥፍ ወጣ። ዋጋውን ያንቀሳቀሰው የገዢው ፍላጎት ነበር። ከዚህ የከፋው ሉና የተባለው ቶክን ነው። ዩኤስቲ የተባለው ስቴብልኮይን (ዋጋው ሁልጊዜ አንድ ዶላር እንዲሆን የታሰበ ቶክን) በተፈጠረ ቁጥር ሉና ይቃጠል ስለነበር፣ የመጠኑ መቀነስ እንደ ታላቅ ምክንያት ይቀርብ ነበር። በሜይ 2022 ዩኤስቲ ከአንድ ዶላር ሲወርድ ያው አሠራር በተቃራኒው ዞረ፤ 350 ሚሊዮን ገደማ የነበረው ሉና በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ6 ትሪሊዮን አለፈ፤ ከወር በፊት ከ100 ዶላር በላይ የነበረውም ዋጋ ከአንድ ሳንቲም ክፍልፋይ በታች ሆነ። ስለዚህ «ይቃጠላል» ሲባል ምን ያቃጥለዋል፣ ማንስ እንደገና ሊፈጥረው ይችላል ብሎ መጠየቅ ይገባል።

የመጨረሻው ነጥብ፣ ገበያው ያውቃል የሚለው፣ ብዙ ሻጭና ገዢ ላለው ነገር በአብዛኛው ትክክል ነው፤ እኔም ከቢትኮይን ገበያ በላይ ቢትኮይንን አውቃለሁ አልልም። ለአዲስ ቶክን ግን «ገበያ» የተባለው ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ መታየት አለበት። በብዙ አዳዲስ ቶክኖች ዋጋውን የሚወስነው አንድ የግብይት ገንዳ ነው። በገንዳው 100,000 ቶክንና 100,000 ዶላር አለ እንበል፤ ዋጋው 1 ዶላር ነው። በውጭ 100 ሚሊዮን ቶክን ካለ ስክሪኑ «ማርኬት ካፕ 100 ሚሊዮን ዶላር» ይላል። አሁን አንድ ሰው 100,000 ቶክን ብቻ፣ ከጠቅላላው ከሺህ አንድ እጅ፣ ቢሸጥ በተለመደው የገንዳ ቀመር 50,000 ዶላር ብቻ ያገኛል፤ ዋጋውም ወደ 25 ሳንቲም ይወርዳል። መቶ ሚሊዮን ዶላር የተባለው ሀብት በአንድ ትንሽ ሻጭ ሦስት አራተኛው ጠፋ፤ ለመላው ባለ ቶክን ከመጀመሪያም የነበረው ጥሬ ገንዘብ 100,000 ዶላር ብቻ ነው። በ2021 የወጣው የስኩዊድ ቶክን እስከዚህም አልደረሰም፤ ዋጋው ከ2,800 ዶላር በላይ ሲታይ ገዢዎቹ መሸጥ አይችሉም ነበር፤ ከዚያ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ዜሮ ተጠጋ። መሸጥ የማይቻልበት ቦታ የሚታይ ቁጥር የገበያ ፍርድ አይደለም።

ይህ የትንንሽ አጭበርባሪዎች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል የኤፍቲኤክስን የራሱን ቶክን፣ ኤፍቲቲን፣ እናስብ። በ2022 አጋማሽ ከኤፍቲኤክስ ጋር የተቆራኘው አላሜዳ የተባለ ድርጅት 14.6 ቢሊዮን ዶላር ሀብት መዝግቦ ነበር፤ ከዚህ 5.8 ቢሊዮን ያህሉ የኤፍቲቲ ቶክን ነው። ይህ በዚያው ዓመት ኖቬምበር መዝገቡ ለሕዝብ ሲገለጥ በገበያ ይዘዋወር ከነበረው ኤፍቲቲ ድምር ይበልጥ ነበር። ዋጋው በስክሪን ላይ እውነተኛ ነበር፤ በዚያ ዋጋ ያን ሁሉ የሚገዛ ግን አልነበረም። ወሬው ከወጣ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ20 ዶላር በላይ የነበረው ከ2 ዶላር በታች ሆነ።

ለኢትዮጵያ ነዋሪ ደግሞ ተጨማሪ ሸክም አለ። ብሔራዊ ባንክ በ2022 በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን ማሳሰቡ ይታወቃል፤ ስለዚህ ከሰው ጋር በቀጥታ ሲለዋወጥ የተጭበረበረ ሰው ወዴት እንደሚያመለክት ያስብበት። ከመግዣና ከመሸጫ ምንዛሪ መካከል የሚቀረውም ከትርፉ የሚቀነስ ነው። በስክሪኑ የሚታየው ዋጋ በእጁ የሚገባው ዋጋ አይደለም።

ቀድሞ የገባ ያተርፋል ለተባለው የጸሐፊውን አሳብ የሚደግፍ ምሳሌ ራሴ ልስጥ። ሃይፐርሊኩዊድ የተባለው የክሪፕቶ መገበያያ በኖቬምበር 2024 ከአንድ ቢሊዮን ቶክኑ 31 በመቶውን ለተጠቃሚዎቹ ሲያድል ከ4 ዶላር በታች ተነሥቶ አንድ ወር ሳይሞላው ከ30 ዶላር አልፏል። ይህ ቶክን ግን ከሌሎቹ የተለየበትን እንመልከት፤ በርካሽ ገዝቶ የሚጠብቅ የግል ባለሀብት አልነበረውም፤ ቀድሞውኑ በገንዘብ የሚሠሩ ነጋዴዎች ኮሚሽን ይከፍሉበት ነበር፤ ከዚያም ኮሚሽን አብዛኛው ቶክኑን መልሶ ለመግዛት ይውላል። ከጸሐፊው ስድስት ምልክቶች መካከል ይህን ለይቶ ሊያሳይ የሚችል የለም፤ እንዲያውም የታላላቅ ባለሀብቶች አለመኖር በሦስተኛው ነጥብ ሲመዘን ጉድለት ይሆንበት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ያልገዛና ለሁለት ሳምንት እነዚህን ነገሮች ሲያነብ የቆየ ሰው እንኳ ዕድሉ አላመለጠውም ነበር፤ በኢንተርኔት ኮምፒውተር ሁለት ወር የጠበቀ ደግሞ ከአብዛኛው ኪሳራ ድኗል።

ጸሐፊው በተከታዩ ጽሑፋቸው የሚመርጧቸውን ቶክኖች በዝርዝር እንደሚያቀርቡ ቃል ገብተዋል። እንግዲያው ለእያንዳንዱ ቶክን እነዚህን እንዲያሰፍሩልን በአክብሮት እጠይቃለሁ፦ ጠቅላላ መጠኑንና ዛሬ የወጣውን፣ በሚቀጥሉት 24 ወራት የሚለቀቀውን ከነቀኑ፣ የመጨረሻዎቹ የግል ባለሀብቶች የገዙበትን ዋጋ፣ አገልግሎቱ ባለፈው ዓመት የሰበሰበውን ኮሚሽንና ከዚያ ለባለ ቶክኑ የሚደርሰውን፣ እንዲሁም 10,000 ዶላር የሚያህል ቶክን ዛሬ ቢሸጥ ዋጋው በስንት በመቶ እንደሚወርድ። እነዚህ ከታተሙ በኋላ ጸሐፊው «ርካሽ ነው» ቢሉ፣ እኔም በዚያው ቁጥር ላይ ተመሥርቼ ልስማማ ወይም ልከራከር ዝግጁ ነኝ።